የአሜሪካን መልክዓ ምድር መደርደሪያ ላይ፦ የሥዕልና የፎቶ መጻሕፍትን መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው የሚሆን መመሪያ

ስለ አሜሪካ ተራሮች፣ ሸለቆዎችና በረሃዎች የታተሙ የሥዕልና የፎቶ መጻሕፍት ትልልቅ ናቸው፣ ከባድም ናቸው። ብዙ ቤት ውስጥ ሥራቸው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው። እንግዳ ቡናው እስኪደርስ ገለጥ ገለጥ ያደርጋቸዋል፣ «ውይ ሲያምር!» ይላል፣ መልሶ ይዘጋቸዋል።

ይህ መመሪያ ከዚያ አለፍ ማለት ለሚፈልግ ሰው ነው። ሜሪላንድም ኑሩ ዳላስ፣ አዲስ አበባም ኑሩ ዱባይ፣ በመጠነኛ ገንዘብ አምስት ስድስት ምርጥ መጻሕፍት መሰብሰብ ይቻላል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንያዝ። ከእነዚህ መጻሕፍት ምርጦቹ የታተሙት አንድ ነገር ለማስደረግ ነው፦ ቦታ በሕግ እንዲጠበቅ፣ ወንዝ እንዳይገደብ፣ ወይም አሜሪካኖች አገራቸውን በሌላ ዓይን እንዲያዩ። መጽሐፉ ለምን እንደወጣ ካወቃችሁ፣ ምኑን ማየትና ስንት መክፈል እንዳለባችሁም አብሮ ይገባችኋል።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ገንዘብ ሳታወጡ ዓይናችሁን አሠልጥኑ

የመጀመሪያውን ወር ምንም አትግዙ። እዩ ብቻ። ጥሩ ኅትመት ምን እንደሚመስል ሳያውቁ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። የሰፈራችሁን ላይብረሪ ካርድ አውጡ። የምትፈልጉት መጽሐፍ እዚያ ከሌለ ሠራተኞቹን «ኢንተርላይብረሪ ሎን» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ከዩኒቨርሲቲ አስመጥተው ያውሷችኋል። ብዙ ቦታ በነፃ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ጥቂት ያስከፍላሉ። በጣም ብርቅ የሆኑትን አያወጡም። ነገር ግን በገበያ መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠየቅበትን መጽሐፍ በዚህ መንገድ ቤታችሁ ወስዳችሁ ለሳምንታት ማየት ትችላላችሁ። አሜሪካ ዓመታት ኖሮ ይህን የማያውቅ አበሻ ብዙ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ በኢንተርኔት ጀምሩ። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ መንግሥት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ አሠማርቷቸው የነበሩ ፎቶ አንሺዎች የተዉትን ወደ 175,000 የሚጠጋ የጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ (ፎቶ ወረቀት ላይ የሚታተምበት ዋናው ምስል) ይዟል። ፎቶ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ አጠገብ ያነሳቻት፣ ልጆቿን የያዘች የተጨነቀች እናት እዚያ አለች። ጎርደን ፓርክስ በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ ባንዲራ ፊት ከነመጥረጊያዋ ያቆማት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ኤላ ዋትሰንም እዚያው ናት። አብዛኛውን በነፃ ማውረድ ይቻላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን ደግሞ አትርሱ። ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስ በ1941 እና በ1942 የአንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ በትልልቅ ፎቶዎች እንዲያጌጥ ተቀጥሮ ብሔራዊ ፓርኮችን እየዞረ አንስቶ ነበር። ጦርነቱ መጣና ዕቅዱ ቀረ። 226ቱ ፎቶዎች ግን በመንግሥት እጅ ስላሉ ማንም አውርዶ ማየትም ማተምም ይችላል።

ሥዕል ለሚወድ፣ ኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድሮ ያሳተማቸውን ካታሎጎች (የዐውደ ርእይ መጻሕፍት) ከነሙሉ ገጻቸው በነፃ ለቋል። ሎስ አንጀለስ ያለው ጌቲም እንዲሁ። ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ ዋይፋይ ባለበት አውርዱ። ስልክ ላይ ግን አትዩዋቸው። ተራራ በስልክ ስክሪን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

2. የትኛው ዘር እንደሚስባችሁ ለዩ

እነዚህ መጻሕፍት በግርድፉ አራት ዘር ናቸው። ከሁሉም አንድ አንድ ከመግዛት፣ አንዱን መርጦ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ጠልቆ ማየት ይሻላል።

አንደኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕልና ተቀርጾ የታተመ ምስል ነው። ቶማስ ኮል፣ ፍሬደሪክ ቸርች፣ አልበርት ቢርስታት የሚባሉ ሠዓሊዎች አሜሪካን ሰፊ፣ ጥንታዊና እግዜር የጎበኘው ቦታ አስመስለው ሣሉት። የሃድሰን ወንዝ ሠዓሊዎች ይባላሉ። በዚያው ዘመን ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ወጥቶ፣ ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት 45 በ55 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ግዙፍ ካሜራ ፎቶ አነሳ። ፎቶዎቹ ዋሽንግተን ደረሱ። ሊንከን በ1864፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ እየነደደ፣ ሸለቆው ለሕዝብ እንዲጠበቅ ፈረመ። በ1871 ደግሞ ፎቶ አንሺው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰንና ሠዓሊው ቶማስ ሞራን ከመንግሥት ጥናት ቡድን ጋር የሎውስቶን ሄዱ። በዓመቱ የሎውስቶን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዋትኪንስ ግን ዕድል አልነበረውም። ስቱዲዮው ከነነጋቲቮቹ በ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መሬት መንቀጥቀጥ ተቃጠለ። ስለዚህ የዋትኪንስ መጽሐፍ ስትገዙ የምታዩት ከተረፉት የወረቀት ቅጂዎች የተወሰደ ነው። ቢጫ መምሰሉና ጠርዙ መደብዘዙ የአሳታሚው ጥፋት አይደለም።

ከዚህ ዘር ዋናው መጽሐፍ ከ1872 እስከ 1874 በዊልያም ከለን ብራያንት አርታኢነት የወጣው «ፒክቸረስክ አሜሪካ» ነው። መጀመሪያ በክፍል በክፍል ለደንበኞች ይላክ ነበር፤ ኋላ ሁለት ወፍራም ጥራዝ ሆነ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ሰሜንና ደቡብን በአንድ ሽፋን ያስቀመጠ ሥራ ነው። አሮጌው ቅጂ ዛሬም ይገኛል፣ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ነጋዴ በብረት ላይ ተቀርጸው የታተሙትን ሥዕሎች በምላጭ ቆርጦ በፍሬም ይሸጣቸዋል። ሥዕሎቹን በማውጫው እየቆጠራችሁ ካላመሳከራችሁ፣ ጥርሱ ያለቀ መጽሐፍ ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ።

ሁለተኛው ዘር ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፦ ለተፈጥሮ ጥብቅና የቆመ መጽሐፍ። አንሰል አዳምስ በ1938 ስለ ሲየራ ኔቫዳ ተራሮች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የታተመው 500 ቅጂ ብቻ ነው። ወጪውን የቻሉት ተራራ ሲወጣ የሞተባቸውን ልጃቸውን ለማሰብ የፈለጉ አባት ነበሩ። አዳምስ አንዱን ቅጂ የመንግሥት መሬቶችንና ፓርኮችን ለሚመራው ሚኒስትር ለሃሮልድ ኢከስ ላከ። ኢከስ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሳያቸው። ፕሬዚዳንቱ መጽሐፉን ወደዱትና አስቀሩት። ኪንግስ ካንየን በ1940 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በእርግጥ መጽሐፉ ብቻውን አላደረገውም፤ ከጀርባው የዓመታት ክርክር ነበር። ድርሻው ግን ትንሽ አይደለም።

ይህን ያየው የሲየራ ክለብ የሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ1960 ትልልቅ የፎቶ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። ሥራውን የሚመራው ዴቪድ ብራወር የሚባል ኃይለኛ ሰው ነበር። ከመካከላቸው በ1963 የወጣው የፎቶ አንሺው የኤሊየት ፖርተር መጽሐፍ ታሪኩ ያሳዝናል። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ግሌን ካንየን የሚባል ቀይ የድንጋይ ሸለቆ ነበር። ክለቡ በ1950ዎቹ ሌላ ቦታ ሊሠራ የነበረን ግድብ ለማስቀረት ሲል ይኼኛውን ሳይከላከል ተወው። ቦታው ምን እንደሆነ በደንብ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ፖርተር ሸለቆውን በጀልባ እየተመላለሰ በቀለም አነሳው። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የግድቡ በር ተዘግቶ ውኃው መሙላት ጀመረ። ርዕሱ «ማንም ያላወቀው ቦታ» እንደማለት ነው። የመልክዓ ምድር መጽሐፍ ምን እንደሆነ ሊገባው የሚፈልግ ሰው አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ይህን እላለሁ።

ሦስተኛው የመንገድና የሰው መጽሐፍ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ዎከር ኤቫንስ በ1938፣ ሮይ ዲካራቫ ከገጣሚው ላንግስተን ሂውዝ ጋር በ1955 ስለ ሃርለም (የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር)፣ ከስዊዘርላንድ የመጣው ሮበርት ፍራንክ ደግሞ በ1958 አሳትመዋል። የፍራንክ «ዘ አሜሪካንስ» 83 ፎቶዎች ነው ያሉት። መጀመሪያ የታተመው ፓሪስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1959 ሲወጣ ብዙ ሐያሲ ተቆጣ። «ይሄ ከተፈጥሮ ውበት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሰው የሌለባቸውን መጻሕፍት ብቻ የያዘ መደርደሪያ ግን ግማሹን አገር ይደብቃል።

አራተኛው በ1975 ሮቸስተር ከተማ ከታየ አንድ ዐውደ ርእይ ጋር ስሙ ይነሳል። ፎቶ አንሺዎቹ ፏፏቴና በረዶ ትተው አዲስ የሚሠሩ ሰፈሮችን፣ ፓርኪንግና መጋዘን አነሱ። ሮበርት አዳምስ ከእነሱ አንዱ ነው። ከአንሰል አዳምስ ጋር ዝምድና የላቸውም። ኢንተርኔት ላይ «አዳምስ» ብላችሁ ፈልጋችሁ የአንዱን አስባችሁ የሌላውን እንዳትገዙ።

3. ኅትመቱን መርምሩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የፎቶ መጽሐፍ ዋጋው ከጽሑፉ በፊት ኅትመቱ ላይ ነው። ያው ፎቶ በአንዱ መጽሐፍ ሕይወት አለው፣ በሌላው ካላንደር ይመስላል።

መጽሐፉን መስኮት አጠገብ ውሰዱት። የሱቅ ቢጫ አምፖል ያታልላል። በረዶና ጫካ አብረው ያሉበትን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ፈልጉ። መጀመሪያ በረዶውን እዩ። ቅንጣቱ፣ ጥላው፣ ነፋስ የሠራው መስመር ይታያል? ወይስ ባዶ ወረቀት ነው? ቀጥሎ ጫካው ጥላ ውስጥ ግቡ። ግንዶቹ ይለያያሉ? ወይስ ቀለም ተደፍቶበት አንድ ጥቁር ኩሬ ሆኗል? ሁለቱም ጫፍ ከጠፋ መጽሐፉን መልሱት። ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አያዋጣም።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ የወርቅ ሠሪ መነጽር ይበቃል፣ ርካሽ ነው። ሰማዩ ላይ አድርጋችሁ እዩ። በሥርዓት የተደረደረ ነጠብጣብ ካያችሁ የተለመደው የኦፍሴት ኅትመት ነው። ነጠብጣቡ ደቃቅ ከሆነና ከጥቁሩ ሌላ ግራጫ ቀለምም ካለበት በሁለት ቀለም የታተመ ነው፤ ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ነጠብጣቡ በግልጽ ካልታየና ጥቁሩ ወረቀቱ ውስጥ የገባ ከመሰለ ደግሞ ግራቪዩር (ቀለሙ ከተቀረጸ ብረት ወደ ወረቀት የሚሸጋገርበት ኅትመት) ሊሆን ይችላል። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ብዙ ምርጥ የፎቶ መጻሕፍት በዚህ ዘዴ ወጥተዋል። ጥቁሩ ከፋይ ጨርቅ ይመስላል። ከ1938ቱ የአዳምስ መጽሐፍ ዓይነት አሮጌ ሥራ ላይ ደግሞ ፎቶው ለብቻው ታትሞ ገጹ ላይ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለው ሲያጋጥማችሁ የተላቀቀ ወይም የጎደለ እንዳለ እያንዳንዱን ገጽ ፈትሹ።

የቀለም ፎቶ ሌላ ዓይን ይፈልጋል። ፖርተር ኅትመቶቹን የሚሠራው ሦስት ቀለሞችን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ እያሸጋገረ ነበር። አድካሚና ውድ ዘዴ ነው፣ ግን ቀለሙን በእጁ ይቆጣጠራል። መጽሐፉ ይህን በተቻለው ይከተላል። የምትፈትሹት ጥላውን ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ቀይ ድንጋይ የሰማዩን ብርሃን ስለሚቀበል ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ያደላል። ጥላው ቡናማ ብቻ ከሆነ ወይም ድንጋዩ ብርቱካን ከመሰለ ኅትመቱ ተበላሽቷል። አለዚያም መጽሐፉ ፀሐይ ላይ ከርሟል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የአዳምስን ታዋቂ ፎቶ፣ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኸርናንዴዝ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳውን፣ በሁለት መጻሕፍት ብታስተያዩ ሰማዩ ሊለያይ ይችላል። በአንዱ ደመና ይታያል፣ በሌላው ድቅድቅ ጥቁር ነው። የማተሚያ ቤት ስህተት አይምሰላችሁ። አዳምስ ያንን ነጋቲቭ በሕይወቱ ሙሉ ደጋግሞ አትሟል፤ ዕድሜው ሲገፋ ሰማዩን እያጠቆረው ሄደ። በወጣትነቱ ፒያኒስት የመሆን ሐሳብ ነበረውና ነጋቲቭ እንደ ኖታ ነው፣ ኅትመቱ ደግሞ ጨዋታው ነው ይል ነበር። ጥሩ መጽሐፍ የትኛው ዘመን ኅትመት እንደሆነ ከፎቶው ሥር ወይም ከኋላ ይነግራችኋል። የማይነግር መጽሐፍ ከሆነ ነጥብ ቀንሱበት።

በመጨረሻ ጥርዙን እዩ። ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ፎቶ መሐሉ ስፌት ውስጥ ይዋጣል። ዋና ዋናዎቹ ፎቶዎች ሁሉ እንዲህ ከሆኑ አዘጋጁ ለፎቶ ደንታ የለውም ማለት ነው። የጀርባውን አናት ከላይ ተመልከቱ። የታጠፉ ቅጠሎች ጥቅል በጥቅል ሆነው ከታዩ የተሰፋ ነው፣ ዕድሜ አለው። ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ሙጫ ብቻ ከያዘው ደጋግማችሁ ስትገልጡት ይበተናል።

4. ፍሬሙ ውስጥ የሌለውን ጠይቁ

ዮሰሚቲን ሰው ያልረገጠው ገነት አድርገው የሚያሳዩ መጻሕፍት ቁጥር የላቸውም። እውነቱ ሌላ ነው። ሸለቆው አዋኒቺ የሚባሉ ሕዝቦች መኖሪያ ነበር። ማሪፖሳ ባታሊዮን የሚባል ታጣቂ ጦር በ1851 ገብቶ መንደሮቻቸውን አቃጥሏል። ዋትኪንስ ካሜራውን የተከለው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ባዶው ሸለቆ በራሱ ባዶ የሆነ አልነበረም።

ስለዚህ እያንዳንዱን መጽሐፍ ስትገልጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፎቶው ሲነሳ እዚህ ማን ይኖር ነበር? የፎቶ አንሺውን ወጪ የከፈለው ማን ነው? ፎቶ አንሺውስ የቆመው የት ላይ ነው? የሞራንን የሎውስቶን ጉዞ በገንዘብ ከደገፉት አንዱ ለምሳሌ የሰሜን ፓሲፊክ ባቡር ባለ ገንዘቡ ጄይ ኩክ ነው። ባቡሩ ተጓዥ ይፈልግ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ምን እንደሚያወጣ ለማየት አዳምስ ዘንድ ተመለሱ። የዊልያምሰን ተራራ ፎቶው፣ ከፊት ግዙፍ ድንጋዮች ከኋላ ብርሃን የፈሰሰበት ተራራ ያለበት፣ በስንቱ መጽሐፍ ላይ አለ። የተነሳው ማንዛናር አጠገብ ሆኖ ነው። ማንዛናር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት ጃፓን ዘር ያላቸውን አሜሪካውያን በሽቦ አጥር ካሰረባቸው ካምፖች አንዱ ነው። አዳምስ ራሱ የታሳሪዎቹን ኑሮ አንስቶ በ1944 መጽሐፍ አድርጎታል። በኋላም ፎቶዎቹን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ በነፃ ይገኛሉ። ተራራውንና የካምፑን ሰዎች ጎን ለጎን ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ወዲያ የአዳምስን መልክዓ ምድር እንደ ድሮው አታዩትም።

5. እትሙን ለዩ፣ ከዚያ ዋጋ ተነጋገሩ

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ልታዩት ነው ወይስ ልታተርፉበት? ለማየት ከሆነ የመጀመሪያ እትም አታሳዱ። የኋለኛው እትም ብዙ ጊዜ በተሻለ መሣሪያ የታተመ ነው። የፍራንክን መጽሐፍ ውሰዱ። የ1958 ወይም የ1959 ቅጂ ዋጋው የሰብሳቢ ነው። በ2008 የወጣው ግን ፍራንክ ራሱ ያየው ሲሆን፣ ቀድሞ ጠርዛቸው ተቆርጦ የነበሩ ብዙ ፎቶዎች ሰፍተው ወጥተውበታል።

የስንተኛ ጊዜ ኅትመት እንደሆነ ለማወቅ የቅጂ መብት የተጻፈበትን ገጽ ክፈቱ። በቅርብ አሥርት ዓመታት የወጡ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከአንድ እስከ አሥር የቁጥር ድርድር አላቸው። በየኅትመቱ አንድ ቁጥር ስለሚሠረዝ ከቀሩት ውስጥ ትንሹ ቁጥር የኅትመቱ ተራ ነው፤ 1 ካለበት የመጀመሪያው ነው። አሮጌዎቹ ላይ ግን እያንዳንዱ አሳታሚ የራሱ ልማድ ስላለው አንድ ደንብ የለም። ከላይ የሚለበሰው ልባስ ሽፋን ላይ ዋጋ ካልታተመበት የመጽሐፍ ክበብ እትም (ለክበቡ አባላት በርካሽ የታተመ) ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢ አይፈልገውም፣ ለእናንተ ግን ርካሽ ሲሳይ ነው። ለሚሰበስብ ሰው ልባስ ሽፋኑ ራሱ ትልቁ የዋጋ ድርሻ ነውና እንዳትጥሉት።

6. የት እንግዛ?

አሜሪካ ውስጥ ምርጡ ቦታ የላይብረሪ ወዳጆች የሚያዘጋጁት ሽያጭ ነው። የፎቶ መጽሐፍ ከባድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይተወዋል። በመጨረሻው ቀን ከረጢት ሙሉ በአንድ ዋጋ የሚሸጡም አሉ። ከዚህ ሌላ የሙዚየም ሱቆች ዐውደ ርእዩ ካለፈ በኋላ የተረፈውን ካታሎግ ቅናሽ ያደርጉበታል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችን «የፎቶ፣ ትልልቁን» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ። መደርደሪያ ላይ ባያወጡትም ከኋላ ሊኖራቸው ይችላል።

በኢንተርኔት ስትገዙ የሻጩን ፎቶ ብቻ አትመኑ። የቅጂ መብት ገጹን፣ አራቱን ማዕዘን፣ የጀርባውን ላይና ታች አንስቶ እንዲልክ ጠይቁ። ማኅተም አለው? የተቆረጠ ገጽስ? ሲጋራ ወይም እርጥበት ይሸታል? የማይመልስ ሻጭ ይለፋችሁ። የሻጮች ደረጃ አሰጣጥም ይታወቅ። ከላይ ወደ ታች «ፋይን»፣ «ኒር ፋይን»፣ «ቬሪ ጉድ»፣ «ጉድ» እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው የተባለው ቅጂ በደንብ ያገለገለ ስለሆነ በስሙ አትሸወዱ። «ኤክስ ላይብረሪ» (ከላይብረሪ የወጣ) ከተባለ ማኅተምና የተለጠፈ ወረቀት አይጠፋውም።

7. ማጓጓዝና ማስቀመጥ

አሜሪካ ውስጥ ከክልል ክልል በፖስታ ስትልኩ «ሚዲያ ሜይል» በሉ። ቀርፋፋ ነው፣ ለመጽሐፍ ግን ከሁሉም ይረክሳል። ወደ አገር ቤት በሰው የምትልኩ ከሆነ ኪሎ ቁጠሩ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ በቀላሉ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፣ ሻንጣው ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ለሰው አምስት መጽሐፍ ማስያዝ ወዳጅነት መፈተን ነው። መጽሐፉን ከራሱ በሚሰፋ ሁለት ካርቶን መሐል አድርጉት፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ማዕዘኑ ነው። ከዚያ በልብስ መሐል አጋድሙት።

ቤት ውስጥ ትልልቆቹን አጋድማችሁ ከሁለት ሦስት በላይ አትደራርቡ። ቁመው ከዋሉ የወረቀቱ ክብደት ጥርዙን ይስበዋል። ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አታስቀምጡ። ከውጭ ግድግዳ አርቁ፣ በተለይ አዲስ አበባ በክረምት። ዋሽንግተን አካባቢ ቤዝመንት የምታስቀምጡም ያው ናችሁ። የአየሩ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ውድ አይደለም። ጓንት አያስፈልግም። እጅ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። ሻጋታ ካያችሁ መጽሐፉን ወዲያው ከሌሎቹ ለይታችሁ አድርቁ።

8. መጽሐፉን ከዋናው ሥራ ጋር አስተያዩ

መደርደሪያው ሲሞላ አንድ የዘመናችን ካታሎግ ጨምሩ። እኔ የምለው የጁሊ ምሕረቱን ነው። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ ሚሺጋን ያደገች ሠዓሊ ናት። በ2019 ሎስ አንጀለስ፣ በኋላም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም የታየው ትልቅ ዐውደ ርእይዋ ወፍራም ካታሎግ አለው። ለሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2017 የጨረሰቻቸው ሁለት ግዙፍ ሸራዎች፣ እያንዳንዳቸው ስምንት በአሥር ሜትር ገደማ፣ ከቀለማቸው ሥር የእነ ቢርስታትና የእነ ቸርች መልክዓ ምድር አለ። ከዘመናችን የተቃውሞና የሁከት ፎቶዎች ጋር ተደባልቆ ደብዝዟል። ተራራውን ለይታችሁ አታዩትም፤ ብርሃኑን ግን ታውቁታላችሁ። የምዕራቡ መሬት እንዴት እንደተያዘ በ4ኛው ክፍል ያነሳነውን ጥያቄ እሷ በቀለም ጠይቃዋለች። የቢርስታትን መጽሐፍ አጠገቡ ክፈቱ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሰበብ የላችሁም፣ መግቢያው ነፃ ነው። የቸርች የ1857 «ኒያጋራ» ናሽናል ጋለሪ ነው ያለው። ኮንግረስ በ10,000 ዶላር የገዛው የሞራን የ1872 የሎውስቶን ሥዕል ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ ስፋቱ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል። የመጽሐፋችሁን ገጽ በስልክ አንስታችሁ ሂዱ። ሥዕሉ ፊት ቆማችሁ ቢጫውን ድንጋይና ጥላውን ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ መጽሐፉ ምን እንደጎደለው በእርሳስ በወረቀት ጽፋችሁ የመጨረሻው ገጽ ላይ ክተቱ። ሙዚየሞች ሥዕል ለሌላ ከተማ ስለሚያውሱ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ያን ቀን ግድግዳ ላይ መኖሩን ከድረ ገጻቸው አረጋግጡ።